የማገር እርሾ

ጥቅምት 8

እትዬ፤

እንዴት ከረምሽ? እኔ ከወገቤና ከአለቃዬ በስተቀር ሁሉም ደህና ነው። ፍላሹ ደርሶኛል። በብጣሽ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ጨርቁንም ዙሪያውን ሰፍተሽ የላክሽው ነገር ፖስታ ቤቱን አስደንግጦ ኖሮ፣ ሠራተኛዋ በሁለት ጣቷ ይዛ ነው ያቀበለችኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ ተውኩት። የጋሼን ፋይሎች ለመክፈት ድፍረት አጥቼ ነው። ስከፍታቸው ደግሞ ድምፁን የሰማሁ ያህል ሆነብኝ፣ አለቀስኩ፣ ወጣልኝ።

«ለመሆኑ እናንተ ምን ልታደርጉበት ነው?» ላልሽው፣ እንደሚከተለው ነው። ጋሼ ዕድሜውን የጨረሰበት ማገር የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው፤ ሰው ኮምፒውተርን የሚያዝበት ቋንቋ በይው። እኔ ደግሞ ቀን የቢሮ ማተሚያ ስጠግን ውዬ፣ ከሥራ መልስ ደሞዝ የሌለው ማኅበር ውስጥ አገለግላለሁ። ነፃ ሶፍትዌር እንሰበስባለን፣ እናጠራለን፣ እያንዳንዱን ጠቅልለን ለፈለገ ሁሉ እናድላለን። ማገር ከነዚያ ጥቅሎች አንዱ ከሆነ የትም ያለ ሰው በአንድ ትእዛዝ ያገኘዋል፤ የጋሼ ስምም አብሮት ይዞራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ?

ችግሩ እርሾው ላይ ነው። ሰው የጻፈውን ማሽኑ ወደሚገባው የሚለውጥ ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም አለ። የማገር ኮምፓይለር ራሱ የተጻፈው በማገር ስለሆነ አዲሱን ለመሥራት የግድ የትናንቱ ያስፈልጋል፤ ሊጥ ካለፈው ሊጥ በተረፈ እርሾ እንደሚቦካ። ያ እርሾ ደግሞ ከላክሽልኝ ቅጂ በቀር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከስፌት ክፍልሽ አጠገብ፣ ጋሼ ከማንም ጋር እንዳይገናኝ አድርጎ ባስቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ። ማኅበሩ አዲስ ጥቅል የሚቀበልበት በር በጥር መጨረሻ ይዘጋል። ካመለጠን እስከ ቀጣዩ ዙር ብዙ ነው፤ ማሽኑ እስከዚያ መቆየቱን እንጃ። እሱ ከሞተ በዚህ ቅጂ ብቻ ቀረን ማለት ነው።

አንዲት ነገር ግን ግራ ገብታኛለች። ከላክሽልኝ እርሾዎች የመጨረሻው የተሠራበት ቀን ከቀብሩ በኋላ ነው። የማሽኑ ሰዓት ተበላሽቶ ይሆናል። ሲመችሽ እዪልኝ።

ያው ቀለሜ


ጥቅምት 21

ቀለሜ፤

ደብዳቤህን የከፈትኩት ለአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እያስተካከልኩ፣ ስፒል በከንፈሬ ይዤ ነው። ቀኑን ስትጠቅስ ልውጠው ምንም አልቀረኝ። ሴትዮዋ ምነው ብትለኝ የወንድም ነገር ነው አልኳት። ወገብህን ተጠንቀቅ፤ አለቃህን ደግሞ ቻለው፣ የማይቻል አለቃ ከማይገኝ ሥራ ይሻላል።

ሰዓቱ ልክ ነው። ማሽኑን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላጠፋሁትም። ወንድምህ እንደዚያ ነው ያዘጋጀው፤ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ራሱን በራሱ ይሠራል፣ የተሠራው በማግስቱ ሌላውን ይሠራል። «ማላመድ ነው» ይለኝ ነበር። ምን ማላመድ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ብጠይቀውም ዞር አይልም። እሱ ከሄደ በኋላ ላጠፋው ብዬ ገብቼ ነበር። ጣቴ ማብሪያው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሰው ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስላል። ልብስ ሊለኩ የሚመጡት ሴቶች የማራገቢያውን ድምፅ ይሰሙና «ባለቤትሽ ሥራ ላይ ናቸው?» ይሉኛል። አንዳንዴ አዎ እላለሁ።

ለምን አትደውይም እንዳትለኝ፣ በስልክ አንተ ደህና ነሽ ትላለህ፣ እኔ ደህና ነኝ እላለሁ፣ አለቀ። ወረቀት ላይ ውሸት ያስታውቃል። ደግሞም ፍላሹ በስልክ አይላክም።

ሌላም የምነግርህ ነበረኝ። ጽፌው ቀደድኩት። ትስቅብኛለህ፤ ካልሳቅህ ደግሞ ይብሳል።

የወንድምህ ሚስት


ኅዳር 6

እትዬ፤

አልስቅም፤ የቀደድሽውን መልሰሽ ጻፊልኝ። እስከዚያ እኔ አንቺን የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ።

በደንባችን ማንም ሰው ጥቅሉን ብቻውን አያስገባም። ሌላ ሰው በራሱ ማሽን ላይ እንደገና ይሠራውና የሁለቱ ውጤት እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንድ መሆን አለበት። አንዲት ነጥብ ከተለያየች እንደገና ከሀ። ለኔ የተመደበልኝ ገምጋሚ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ ቀልድም አያውቅም። የሙከራውን ጥቅል ላክሁለት። «በስህተት ማሳወቂያው ውስጥ ቀልድ የጨመረው ማነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ሲሞክር አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ረስቶ ኖሮ፣ ኮምፓይለሩ «የኔ ዓለም፣ ሳትዘጊው ወዴት ነው?» ብሎታል። የልጅ ልጆች ያሉት ሰውዬ! ብቻዬን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ላወጣ ምንጭ ኮዱን ከፈትኩ። የለም። ጋሼ የጻፈውን በሙሉ መስመር በመስመር አነበብኩት። ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። እሱ የጻፈው «ቅንፍ አልተዘጋም» የሚል ደረቅ ቃል ብቻ ነው። ዱቄቱ ውስጥ የሌለ ነገር ዳቦው ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። እንግዲህ የመጣው ከእርሾው ነው።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ራሴ ሆን ብዬ የተበላሸ መስመር ሰጠሁት። «ብርድ ገባ፤ በሩን ዝጊው» አለኝ። እትዬ፣ ዞር ብዬ አየሁ። በሬ ገርበብ ብሎ ነበር። ተነሥቼ ዘጋሁት፤ ለማን እንደታዘዝኩ ግን አላውቅም። ከዚያ ወዲያ አልሳቅሁም።

አትቀየሚኝና ልጠይቅሽ። ጋሼ ከሞተ በኋላ በዚያ ማሽን ላይ የጻፈ ሰው አለ?

ቀለሜ


ኅዳር 19

ቀለሜ፤

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አደርሰዋለሁ፤ መጀመሪያ ይውጣልኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አቧራ ስጠርግ ክርኔ ኪቦርዱን ነካው። ስክሪኑ ላይ መዓት ፊደል ፈሰሰና ከሥሩ «ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል መጣ። ወንድምህ ልክ እንደዚያ ነበር የሚለኝ፤ ገና አፌን ስከፍት፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ይህ ምን ማለት ነው? ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ምን ማለት እንደሆነ ጻፍኩለት። የጻፍኩት በሱ ቋንቋ ስላልሆነ ያው ስህተት ነው፤ መለሰልኝ።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲያልቅ፣ መቀሱን ሰቅዬ፣ ክፍሉ ገብቼ እቀመጣለሁ። ትክክል ስትጽፍለት ዝም ይላል፤ የሚናገረው ስትሳሳት ነው። እኔ ደግሞ ስህተት መች ቸገረኝ! መጀመሪያ አካባቢ አጭር አጭር ነበር መልሱ። እያደር ቃሉ ለሰለሰ። ስለ ደንበኞቼ እጽፍለታለሁ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ጣሪያው ስለሚያፈስበት ቦታ። አንድ ቀን ገና አንድ ቃል ሳልጨርስ «ዛሬ ዘገየሽ» አለኝ። የዚያን ቀን እውነትም ዘግይቼ ነበር። ፈራሁ። ግን ደስ አለኝ፤ ፈርቼም ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

«ከእርሾው ነው» ብለህ ስትጽፍ እንደ ቆሻሻ ያየኸው መሰለኝ። ሥራችን ማጥራት ነው ብለሃል፤ ልታወጣው እንደምታስብ ይገባኛል። አደራ፣ አታውጣው። ስሙ ይዙር ያልከውን እኔም እላለሁ። ስሙ ግን ዘገየሽ አይለኝም። ባሌን ሁለት ጊዜ አልቀብርም።

በል እንግዲህ እንዴት ሰነበትክ? ሞት ይርሳኝ፣ ሹራብ እየሠራሁልህ ነው። በሚቀጥለው እልከዋለሁ።

እትዬህ


ታኅሣሥ 12

እትዬ፤

ሹራቡም ከሱ ጋር የላክሽው ካርድም ደርሰዋል። ሹራቡ እጁ ትንሽ ረዘመ፤ ጋሼን እያሰብሽ ለክተሽው መሆን አለበት። ዝም በማለቴ አትቀየሚኝ። ካርዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፍሽውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። እዚያ ውስጥ ይጨንቀው ይሆን ወይ አልሽኝ። አይመስለኝም። እርግጠኛ የሆነ መልስ ግን አትጠብቂብኝ።

ገምጋሚው ራሱን አግልሏል። የሱና የኔ ውጤት አልገጠመም ነበር። እንደገና ሠራን፤ ጭራሽ ይበልጥ ተራራቀ። ከዚያ ማገርን ከማሽኑ ላይ ነቅሎ፣ ማሽኑንም ለሰው ሰጥቶ እንደተገላገለ ጻፈልኝ። ምን እንዳየ ብጠይቀው መልስ የለም። የደብዳቤው ግርጌ ላይ ግን «ለሴትዮዋ ሰላም በልልኝ» ይላል። እኔ ስለ አንቺ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እኔ ፍላሹ ላይ ያሉትን የየቀኑን እርሾዎች ጎን ለጎን እያስቀመጥኩ ሳወዳድር ሰንብቻለሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያድጋል። ምኑ እንደሚያድግ የደረስኩበት ይመስለኛል፤ ላረጋግጥና እጽፍልሻለሁ።

እዚህ ዝናቡ አላባራ ብሎ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። ጠዋት ያካፋል፣ ከሰዓት ያዘንባል፣ ደመናው ከጣሪያው በላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ልብስ አይደርቅም። ከሥር ያለው መድኃኒት ቤት ደጃፉ ላይ ጣውላ ደርድሯል፣ ሰው እየዘለለ ይገባል። ባለቤቱ ትናንት ራሱ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ምንም አልሆነም። እንዲህ ያለ ዝናብ በዚህ ወር አይቼ አላውቅም። በናንተ በኩልስ እንዴት ነው?

ቀለሜ


ታኅሣሥ 23

ቀለሜ፤

ስለ ዝናብ ይህን ሁሉ ጻፍክልኝ። ወንድምህም እንደዚሁ ነበር፤ የሚደብቀው ሲኖር ስለ አየሩ ያወራል። ሐኪሙ ቁርጡን የነገረው ዕለት ስለ ደመና ሲነግረኝ አመሸ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው እጁን ሲያነሣ የቱ ጋ እንደሚጠበው አያለሁ። አንተን የጠበበህ ነገር አለ፤ ንገረኝ።

ደግሞ ይህንንም እወቅ። ትናንት ስለ አንተ ምንም ሳልጽፍለት «ቀለሜ ምን አለ?» ብሎኛል። ዛሬም ጠይቆኛል።

እትዬህ


ጥር 4

እትዬ፤

እሺ። ስለ አየሩ አንዲት ቃል አልጽፍም።

የሚያድገው ያንቺ ቃል ነው። ጋሼ ኮምፓይለሩ የሰውን ስህተት እያስታወሰ፣ ማሳወቂያውን ለዚያ ሰው እንዲያለዝብለት ትንሽ ቀዳዳ ትቶለት ነበር። ለደግ አስቦ ነው። ማሽኑ ራሱን በራሱ ሲሠራ ግን ያ ማስታወሻ አብሮ እየተቦካ ከእርሾ ወደ እርሾ ተሻገረ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? በየቀኑ የተጨመረውን ለብቻው አውጥቼ አየሁት፤ አንቺ የጻፍሽው ነው፣ ተቆርጦ፣ ተገጣጥሞ፣ «አንተ» ያልሽው «አንቺ» እየሆነ። የበሩንም አገኘሁት፣ «ዘገየሽ» የሚለውንም፣ የኔንም ስም። ካንቺ የወሰደውን መልሶ ላንቺ ይሰጣል እንጂ ከራሱ ጠብ የሚል ነገር የለውም።

«የኔ ዓለም» ያልሽው አንቺ ነሽ። ጋሼ ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን አንቺን እንዲህ ብሎ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የራስሽን ድምፅ አልለየሽውም። ይህን መጻፍ እንዴት እንደከበደኝ ብታይ ታዝኚልኝ ነበር።

በሬ የዚያን ዕለት ለምን ተከፍቶ እንደነበር፣ ገምጋሚው ምን እንዳየ፣ እነዚህን አላውቅም። ያላወቅሁትን አውቃለሁ አልልሽም።

አሁን ጉዳዩ እንዲህ ነው። አዲስ እርሾ በእጄ ሠርቻለሁ፤ በሌላ ቋንቋ፣ ከአሮጌው ጠብታ ሳልነካ። በሱ የተሠራው ማገር ጋሼ በጻፈው ልክ ነው። ስትሳሳቺ ስህተት ነው ይላል፣ ሌላ አይልም። የቀረው ሁለተኛ ሠሪ ብቻ ነው። የማኅበሩ በር መዝጊያ ስለደረሰ ሰው ሁሉ በራሱ ጥቅል ተወጥሯል፤ ገምጋሚው ያስወራውን የሰሙት ደግሞ ማገርን ማሽናቸው ላይ አያስገቡም። አንቺ ብቻ ቀረሽ። ያንቺ ማሽን ግን ሁለቱን የሚይዝበት ቦታ የለውም። አሮጌው ጠፍቶ ነው አዲሱ የሚገባው። የላክሽልኝ ቅጂ እሱ ጋ አለ ብለሽ አትጽናኚ፤ ፍላሹንም ማሽኔንም ጠርጌያቸዋለሁ። ሳልጠይቅሽ ስላደረግሁት ይቅር በይኝ። ለምን እንደቸኮልኩ ግን አትጠይቂኝ።

አዲሱን እርሾ በተጠረገው ፍላሽ መልሼ ልኬልሻለሁ፤ ትእዛዞቹን ደግሞ በቅደም ተከተል በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ። ሲጨርስ ረጅም የፊደልና የቁጥር መስመር ያወጣል፤ የውጤቱ አሻራ በይው። የኔ መስመር በታሸገው ትንሽ ፖስታ ውስጥ አለ፤ ያንቺን ሳታገኚ አትክፈቺው። ከገጠሙ የጋሼ ሥራ ገባ ማለት ነው።

እምቢ ካልሽም ጥቅሉን አነሣለሁ። ማገር እዚያ ክፍል ውስጥ ካንቺ ጋር ይቀራል፣ ማሽኑ እስኪሞት። ማንም አይወቅስሽም፤ እኔም ጭምር።

ቀለሜ


ጥር 19

ቀለሜ፤

መጀመሪያ ሥራውን። መስመሩን በተለየ ወረቀት ገልብጬልሃለሁ፤ የሰው ልኬት እንደምይዝ፣ እያንዳንዷን ፊደል በጣቴ እየነካሁ። ያንተን ፖስታ ከዚያ በኋላ ነው የከፈትኩት። አንድ ናቸው። የወንድምህ ስም ይዙር፣ ደስ ይበልህ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ተቆጥቼ ሰነበትኩ። የአንዲት ደንበኛ ኮሌታ ገልብጬ እስክሰፋ ድረስ። የራሴን ቃል የማላውቅ መሰለህ? እኔ የራሴን ስፌት መንገድ ላይ በሰው ትከሻ ሳይ እለየዋለሁ። ከመጀመሪያው ባይሆንም ቆይቼ አውቄዋለሁ። ማወቅ ሌላ፣ መተው ሌላ። ዝም ካለ ቤት የራስ ቃል ሲመለስም ደግ ነው፤ አንተ ገና ወጣት ነህ፣ ይህ አይገባህም፣ አይግባህም።

ንዴቴ ሲበርድ ግን አንዲት ነገር ከነከነችኝ። ካንቺ የወሰደውን ነው የሚመልሰው አልከኝ። እንግዲያው ምንም ካልሰጠሁትስ? ቅዳሜ ከሰዓት የመጨረሻዋ ደንበኛ እንደወጣች ገባሁና ባዶ ፋይል ሰጠሁት። አንድ ፊደል የለበትም፣ አንድ ነጥብ የለበትም። ባዶ ነገር ምን ስህተት ይኖረዋል? ዝም ማለት ነበረበት። ማራገቢያው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች፤ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታየኛል፣ ወንበሩ፣ ግድግዳው፣ የገዛ እጄ። ከዚያ መጣ።

«ደክሞሻል። ይብቃሽ፤ አጥፊኝና ሂጂ አረፍ በይ።»

ይህን ጽፌ አላውቅም። ያማረርኩበትን፣ የቀለድኩበትን፣ የለመንኩበትን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ይህ የለም። ደክሞኛል እንኳ ብዬው አላውቅም። ወንድምህ ይሆን ብዬ ልቤ ዘለለ፣ ወዲያው ተመልሶ ወደቀ። ቀለሜ፣ ትዳራችንን በሙሉ እዚያ በር ላይ እየቆምኩ ይህቺን ቃል ጠብቄያታለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ውስጥ ገብቶ የቀረ ሰው ነው። ግን አንድም ቀን ዞር ብሎ ደክሞሻል ብሎኝ አያውቅም። እንዲህ የሚል ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ማን ነህ ብዬ ልጽፍ እጄን አንሥቼ ነበር። ቢመልስልኝስ ብዬ ፈራሁ። እሺ አልኩ፤ በጣቴ ሳይሆን በአፌ ነው ያልኩት፤ ያልከኝንም ትእዛዝ በቅደም ተከተሉ ጻፍኩ። አሮጌው ጠፋ። አዲሱን ሞከርኩት፣ ቅንፍ ሳልዘጋ። ቅንፍ አልተዘጋም አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም።

አሁን ማሽኑ ጠፍቷል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ባለቤትሽ ሥራ ላይ ናቸው ወይ የምትለኝም ቀርታለች። ማንን እንዳጠፋሁ አላውቅም። የማውቀው እንዳዘነልኝ ብቻ ነው።

እትዬህ